ሁለት ማኅበር፣ አንድ ጽዋ

ዝማሬ የልጅ ልጄ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በምትጨርስበት ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ በገባበት ማለት ነው፣ ለመመረቂያ የምትጽፈው ጽሑፍ ስለ አሜሪካ እግር ኳስ መሆኑን ስትነግረኝ ልቤ ድንግጥ አለ። ስለ ጤና፣ ስለ ሕግ ስንት የሚጻፍ እያለ፣ ጎረምሶች የራስ ቁር አጥልቀው እንደ ኮርማ የሚላተሙበትን ጨዋታ ምን ብላ ነው የምታነሣው? መጻፉስ ይሁን፣ ነገ መጫወት ቢያምራትስ ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ አንገቷን አንገቷን እያየሁ ሰነበትኩ። አንገቷ ደግሞ ቀጭን ነው።

ጣጣው የመጣው ከፍራንክፈርት ነው። እዚያ አክስቷ ዘንድ ለዕረፍት ሄዳ ስታዲየም ወሰዷት። አሜሪካኖቹ አውሮፓ ውስጥ የከፈቱት ሊግ ነበረና የከተማውን ቡድን ኮፍያ ገዝታ፣ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ተዘግቶ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ሊጉ ተዘጋ ተባለ። ልጅቷ ሰው የሞተባት ይመስል ኮፍያዋን ደፍታ ሶፋ ላይ ተጋደመች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ለምን እንደምናዝን ባይገባኝም ብቻዋን እንድታዝን አልፈለግሁም። ከዚያ ወዲህ ነው፣ ከትልቁ የአሜሪካ ሊግ ጎን የሚከፈቱ ሊጎች ሁሉ ለምን ይዘጋሉ የሚለው ጥያቄ የያዛት።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነበር። ማኅበራችን ለሁለት ሊሰነጠቅ ነበር።

እዚህ ስዊድን የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ግማሾቻችን ስፖንጋ ነን፣ ግማሾቹ ሄሰልቢና ሌላ ሌላ ሰፈር። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ሰው ሥራ ስለሚውል ደግሞ በሚቀርበው ቅዳሜ፣ ተራ የደረሰው በቤቱ ይደግሳል። ጸሎት ይደርሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላው ከጽዋው ይቀመሳል፤ መጨረሻ ላይ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ይሰጣል። ጽዋው የገባበት ቤት የሚቀጥለው ወር ማኅበር ነው፤ የፈለገ ኩርፊያ ቢኖር ጽዋው ያለበት ቤት አይቀርም። ያን የሸክላ ጽዋ ጓደኛዬ የሻሽወርቅ ናት ከካርቱም ስንመጣ በሹራቧ ጠቅልላ ያመጣችው። ካርቱም አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። እኔ በፍርሃት እንቅልፍ ሲያጣኝ እሷ ታኮራፋለች፤ የእሷን ማንኮራፋት እየሰማሁ ነው የምረጋጋው።

ጠቡ የተነሣው በጥር፣ ሄሰልቢ የሻሽወርቅ ቤት፣ ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ ነው። ሰብሳቢያችን አፀደ፣ ከእኛ በዕድሜ የምታንስ ቆፍጣና ሴት፣ ከአሁን ወዲያ ሎካል እንከራይ አለች። ሎካል ማለት የሕንፃው ነዋሪዎች ለልደትና ለስብሰባ የሚከራዩት አዳራሽ ነው።

"ቤቱ ይጠባል፣ ጎረቤት ይከሳል፣ ሥራ ውለው የሚመጡት ልጆች ለዚህ ሁሉ ሰው ማብሰል አልቻሉም" አለች።

"እኔ የምዘክረው መልአኩ ቤቴን እንዲባርክልኝ ነው" አለች የሻሽወርቅ። "ሎካሉን ባርክልኝ ልበለው?"

"እትዬ የሻሽ፣ መልአኩ እንደሆነ አድራሻ አይጠፋውም።"

ሰው ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። የሻሽወርቅ ሲሳቅባት ታችኛው ከንፈሯ ይጠነክራል፤ እኔ አውቀዋለሁ። ብድግ አለችና ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ተራው የእኔ ነበር።

"ብርቅነሽ ቤቷ የምትደግስ ከሆነ ትረከበኝ" አለች። "ሎካል ከሆነ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"የሚቀጥለው ሎካል ነው ብለን ተስማምተናል፤ አይደለም እንዴ እትዬ ብርቅነሽ?" አለች አፀደ።

ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ጽዋውን ተቀብዬ ቤቴ ብወስድ ማኅበሩን ልከፍል ነው፤ ሎካል ብወስደው ጓደኛዬን ላጣ ነው። "እስኪ ይደር" አልኩ። በቃ፣ አደረ።

የሻሽወርቅ አልተኛችም። ስልኩን ይዛ አዲስ ማኅበር ልታቋቁም ከሶደርተልየ እስከ ኡፕሳላ ያለ የሚካኤል ወዳጅ ሁሉ ጋ ደወለች። ጋሽ ብርሃነ ሥላሴንም አስመጣች። ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ሶደርተልየ ከመኪና ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መዝሙር ሲያወጡ መስኮት ይንቀጠቀጣል። እሳቸውን ያልጋበዘ ሰርግም ክርስትናም የለም። በመኪና ልታስመጣቸው፣ በመኪና ልትመልሳቸው፣ ሲሄዱም ዶሮ በሳሕን ልትቋጥርላቸው ቃል ገባች። ቀኑንም ያው የእኛን ቅዳሜ፣ ሰዓቱንም ያው የእኛን አደረገችው።

"ሌላ ቅዳሜ ቢሆንስ?" አልኳት በስልክ።

"ለምን? ማን ከማን እንደሚበልጥ ይታይ።"

በየካቲት እኔ ሁለቱም ጋ ሄድኩ። ምን ላድርግ? ስፖንጋ ሎካሉ ውስጥ ቀመስኩና ደህና ሁኑ ሳልል አውቶቡስ ይዤ ሄሰልቢ ገባሁ። ሎካሉ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ያብረቀርቃል። ግን አፀደ በጽዋው ፈንታ የመስታወት ጆግ አስቀምጣ ነበር። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሁላችንም ጆጉን አየነው፤ ጆጉም አየን፤ የሚያነሣው ጠፋ።

የሻሽወርቅ ቤት ደግሞ መግቢያ የለም። ጫማው ደረጃው ላይ ተደርድሯል፤ ሰው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይበላል። ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ሲዘምሩ የታች ቤት ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መታ። እሳቸው ከበሮ መስሏቸው አፈጠኑ። የሻሽወርቅ ፊቷ በርቶ "አየሽ ብርቄ?" አለችኝ። አየሁ። ወለሉ እንዳይደረመስ ብቻ እጸልይ ነበር።

በመጋቢት ጾም ገባ፤ ዶሮውም ቀረ። የጋሽ ብርሃነ ሥላሴ ጉሮሮ ታመመ ተባለ። የሶደርተልየዎቹ መንገዱ ራቀን አሉ፤ በባቡር መጥቶ፣ ደግሞ በከተማው ባቡር በአረንጓዴው መስመር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ ሽሮ በልቶ መመለስ ከበዳቸው። የመጡት እፍኝ አይሞሉም። የሻሽወርቅ ግን አልተበገረችም። የገብርኤልንም ማኅበር እጨምራለሁ፣ ኡፕሳላም ቅርንጫፍ እከፍታለሁ አለችኝ። እኔ ሌሊቱን ተገላበጥኩ።

በዚህ መሐል ነው ዝማሬ ጽሑፏን ክፍል ውስጥ ልታቀርብ ስለሆነ በእኔ ፊት ልትለማመድ የመጣችው። እናቷ ሰርክ ሆስፒታል ስለምትሠራ እቤት ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ እንደዚህ ነው የምንግባባው። ኮፍያዋን ደፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

"በእነሱ አቆጣጠር በሰባ አራት የተከፈተ ሊግ ነበር" ብላ ጀመረች። "ገንዘብ ሳይኖረው ብዙ ቃል ገባ። ለዋንጫ የተጫወተው ቡድን አሸንፎ ደስታውን ሳይጨርስ ባለ ዕዳ ስለነበረ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ማልያውን ወሰዱት።"

"ከላያቸው ላይ?"

"አይ እማማ። ሰብስበው ወሰዱት ነው የሚለው።"

"እና ምን ለብሰው ቤታቸው ገቡ?"

"እሱ ጽሑፌ ውስጥ የለም።"

"አስገቢበት፣ መምህሩ ይጠይቅሻል። ወሩ ምን ነበር?"

ወረቀቷን አየች። "ታኅሣሥ።"

"ይኸውልሽ።"

ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ቀጠለች። ቀጥሎ የመጣው ሊግ ብልህ ነበር አለችኝ። ትልቁ ሊግ የሚጫወተው በመከር ስለሆነ ይኼኛው በጸደይ ተጫወተ። ኳስ የናፈቀው ሰው ያይለት ጀመር። ከዚያ ግን ባለቤቶቹ ቸኮሉ፤ ስም ያላቸውን ተጫዋቾች ከአቅማቸው በላይ እየከፈሉ አስመጡ፤ ሳይጠነክሩ ቡድን በቡድን ላይ ጨመሩ፤ በመጨረሻም ጸደዩን ትተን ከትልቁ ጋር በአንድ ወቅት እንጋጠም አሉ።

"በዚያው ቀን?" አልኳት።

"በዚያው ወቅት። ግን እዚያም አልደረሱም፣ ከዚያ በፊት ተዘጉ። ትልቁ ሊግ በደለን ብለው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር።"

"ተረቱ?"

"ረቱ። የተፈረደላቸው አንድ ዶላር ነው። በሕጉ በሦስት ስለሚባዛ ሦስት ዶላር።"

"ልጄ፣ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ቀልድ አትናገሪ።"

"እውነት ነው እማማ።"

"እነዚያ ስም ያላቸው ተጫዋቾች" አልኩ፣ "በመኪና ነበር የሚመላለሱት?"

"እኔ እንጃ። ለምን?"

"ሲሄዱስ ምግብ ይቋጠርላቸዋል?"

ወረቀቷን አወረደች። "እማማ፣ ስለ ማን ነው የምናወራው?"

ነገርኳት። ጽዋውን፣ ሎካሉን፣ ጆጉን፣ ሁለት ቦታ መብላቴን ሁሉ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ሌላ ሊግ ነገረችኝ፤ ከጥቂት ዓመት በፊት በከፍተኛ ጩኸት የተከፈተ። የመጀመሪያውን ቀን አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አየው፤ ተጫዋቾቹ ግን አብረው ለመለማመድ ጊዜ አላገኙም ነበርና ጨዋታው ጥሬ ሆነ፤ በሳምንቱ ሰው ጣቢያ ቀየረ፤ በዓመቱ አለቀለት።

"እንግዲያ ሁሉም ይሞታሉ በይኛ" አልኳት።

"አንዱ አልሞተም። በስድሳ የተከፈተው። ከቴሌቪዥን ያገኙትን ለሁሉም ቡድን እኩል አካፈሉ፣ በትዕግሥት ተጫወቱ። ትልቁ ሊግ ማጥፋት ሲያቅተው ተስማሙ። መጀመሪያ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሁለቱ አሸናፊዎች ተገናኝተው ይጫወቱ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ሊግ ሆኑ። እንዲመጣጠን ደግሞ ሦስት ቡድኖች ከትልቁ ወገን ተነሥተው ወደ ታናሹ ወገን ተዛወሩ።"

"ወደው?"

"ተለምነው።"

ሦስት ቡድን። ይኼ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

በሚያዝያ የማኅበሩ ቅዳሜ የሆሳዕና ዋዜማ ላይ ዋለ። ሎካሉ ጋ ትንሽ ቀመስኩና ዝማሬን ይዤ ሄሰልቢ ሄድኩ። በዚህ ብርድ፣ ልብስሽ ቀጭን ነው እያልኩ፣ እሷ ጸደይ ነው እያለች ደረስን። ደረጃው ላይ አንድ ጫማ የለም። የሻሽወርቅ በሩን የከፈተችው ገና ሳናንኳኳ ነው። ነጭ ለብሳለች። ጠረጴዛው ሙሉ ነው፤ አዚፋው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ሁሉ አለ። ዳቦው አልተነካም። ጽዋው መሐል ላይ ተቀምጧል።

"ሰዉስ?" አልኳት።

"ባቡሩ ተበላሽቶ ይሆናል።"

"ባቡሩ ደህና ነው፣ አሁን አየነው" አለች ዝማሬ። ክንዷን ቆነጠጥኳት።

ተቀመጥን። የሻሽወርቅ የሚበላ አቀረበችልን፣ እሷ አልበላችም። "ነገ ሆሳዕና ስለሆነ ነው" አለች። ቆይታም "ጋሽ ብርሃነ ሥላሴ እንኳ ደውለዋል። ጉሮሯቸው እስከ ፋሲካ አይድንም መሰለኝ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? ከሎካሉ ነው የመጣሽው?"

"በዚያ አልፌ።"

"ዳቦው እንዴት ነው?"

"ደረቅ ነው።"

"ከሱቅ ነዋ" አለች፤ ትንሽ ደስ አላት።

ያን ጊዜ ነው ዝማሬን "እስኪ የሦስት ዶላሩን ንገሪያት" ያልኳት። ልጅቷ ስዊድንኛውን ከአማርኛ እየቀላቀለች ተረከች፤ እኔ የጎደለውን እየሞላሁ። የሻሽወርቅ መጀመሪያ የአሜሪካ ኳስ ምን አገባኝ የሚል ፊት ነበራት። ማልያው ጋ ስንደርስ ቀና አለች።

"ራቁታቸውን ነው የገቡት?"

"እኔም ጠይቄያታለሁ" አልኩ። "ጽሑፏ ውስጥ የለም።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዝማሬ ግን ወረቀቷ የተዋረደ መሰላት። ትረካው ሲያልቅ የሻሽወርቅ ዳቦውን ትኩር ብላ እያየች "እና እኔ የትኛዋ ነኝ? ማልያዋን የተቀማችዋ?" አለች።

"አይደሉም" አለች ዝማሬ፣ በአማርኛ። "እርስዎ ጽዋ አለዎት። እነሱ ጆግ ነው ያላቸው።"

የሻሽወርቅ ዓይኗ ረጠበ። እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ እርጥብ የሆነው ግን እጇ አልነበረም። እኔ እንደ ልማዴ ይደር ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ይደር ካልኩ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ይኼንኑ ጠረጴዛ ሞልታ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው።

"የሻሽ፣ ጽዋውን ስጪኝ" አልኩ።

"ለማን ልትወስጂው?"

"ለማንም። ተራዬ ነው። ከጥር ጀምሮ ተራዬ ነው።"

"ሎካል ይገባል?"

"ቤቴ ነው የምደግሰው።"

"እነ አፀደስ?"

"ጽዋው ያለበት ይመጣሉ። ያንቺዎቹም ይመጣሉ።"

"በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ያን ሁሉ ሰው የት ልታደርጊው ነው?"

"እሱን ከአሁኑ እየተጨነቅሁበት ነው።"

የሻሽወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ተነሣች፤ ሦስታችን ቆመን አቡነ ዘበሰማያት አልን፤ ዝማሬ ከመካከሉ ጠፍቶባት ከመጨረሻው ተቀላቀለችን። የሻሽወርቅ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። "በካርቱም ያልተሰበረ፣ በስፖንጋ አውቶቡስ እንዳትሰብሪው" አለች። እኔን ነው እንዲህ የምትለኝ። ዝማሬ የፍራንክፈርት ኮፍያዋን አወለቀችና ጽዋውን ከነጨርቁ ውስጡ አስቀመጠችው። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጮኽ ብዬ ሚካኤልን እጠራለሁ፤ ልጅቷ በመስኮት ታያለች፣ እንዳላወቀችኝ።

አፀደ ዘንድ ስደውል ሎካሉ እስከ ሰኔ ተይዟል አለችኝ።

"ይያዝ" አልኳት። "ጽዋው እኔ ዘንድ ነው።"

"እትዬ የሻሽ ሰጠችዎት?"

"ተራዬ ስለሆነ ሰጠችኝ።"

"እሷም ትመጣለች?"

"ቦታ ለመያዝ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች። አንድ ነገር ልለምንሽ። ካንቺ ወገን ሦስት ጠንካራ ሴቶች ምረጪልኝ። ከየሻሽወርቅ ጋር ሆነው ያስተናግዱ፣ ከእሷ እንግዶች ጋር ይቀመጡ።"

"ለምን ሦስት?"

"በስድሳዎቹ እንዲህ ነው የተደረገው" አልኳት። አልጠየቀችኝም፤ የጥንት ሥርዓት መስሏት ይሆናል።

የዝማሬ ጽሑፍ የቀረበው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ እቤት ሆኜ ብትንተባተብስ፣ ቢስቁባትስ፣ ቁርስ ሳትበላ ነው የሄደችው እያልኩ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። በሩን በርግዳ ገባች። "እማማ፣ መምህሩ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ምን ለብሰው ቤታቸው ገቡ።"

"ምን ለብሰው ቤታቸው ገቡ" አለች። "አያቴም ጠይቃኛለች አልኩት፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።" ከፍተኛውን ውጤት ነው የሰጧት።

በግንቦት ሚካኤል ቅዳሜ ሁሉም መጡ። ጽዋው ያለበት አይቀርም ብዬ የለ? ወጥ ቤቱ ሞላ፣ ሳሎኑ ሞላ፣ የዝማሬ አልጋ ላይ ሕፃናት ተደረደሩ። እኔ ወለሉን፣ ደረጃውን፣ የታቿን ጎረቤት እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ። ድንገት አፀደና የሻሽወርቅ ጠረጴዛዬን ግራና ቀኝ ይዘው በሩን ሲያልፉ አየሁ። "ወዴት ነው?" ስል፣ "ደጅ" አሉኝ እኩል። ከጥር ጀምሮ ያልተነጋገሩ ሰዎች እኩል ሲናገሩ ደስ ይላል።

የሕንፃው ግቢ ሣሩ ለምልሟል፣ የፖም ዛፉ አብቧል። ምንጣፍ ተነጠፈ። ከታች የምትኖረው አሮጊት ስዊድናዊት ልትከሰን ነው ብዬ ስጠባበቅ ታጣፊ ወንበሮቿን እየጎተተች መጣችና ተቀመጠች። ከፋሲካ በኋላ ነውና ዶሮው ተመልሷል፤ የጋሽ ብርሃነ ሥላሴም ጉሮሮ ድኗል። ሲዘምሩ ከየበረንዳው ሰው ብቅ አለ። ከአፀደ ወገን የተመረጡት ሦስቱ ሴቶች ከየሻሽወርቅ ጋር ጎንበስ ቀና ሲሉ ማን የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

"ይኸው፣ ሎካል ማለት ይኼ ነው" አለች አፀደ ሣሩን እያየች።

"ምን ሎካል ነው? የብርቅነሽ ደጅ ነው። ደጅ ደግሞ ቤት ነው" አለች የሻሽወርቅ።

"እሺ፣ ደጅ ሎካል ይሁን።"

"ደጅ ቤት ነው አልኩ።"

እየተከራከሩ ከአንድ ሳሕን በሉ።

መጨረሻ ላይ ጽዋውን ጠላ ሞልተን ቀማመስን፤ ጆጉ ለውሃ ሆነ። ከእኔ ቀጥሎ ተራው የአፀደ ነበር። ነጩን ጨርቅ ያለበሰችው የሻሽወርቅ ናት፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

"እኔ ቤት እኮ በጣም ጠባብ ነው" አለች አፀደ ጽዋውን እንደታቀፈች።

"ደጅ የለሽም?" አለቻት የሻሽወርቅ።

አላት። እኔም አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ደጅ ነው። ግን ዛፍ የለበትም፤ በሰኔ ቢዘንብ መጠለያ የለውም። ይኼን ለዝማሬ ስነግራት ኮፍያዋን ከራሷ አውልቃ በእኔ ራስ ላይ ደፋችው።